የግፊት ኪኒን ደም ሥርን ያሰንፋል ወይ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 46 ዓመቴ ነው፤ ደብረ ብርሃን የምኖር መምህር ነኝ። ከ3 ዓመት በፊት ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሄጄ ግፊቴ 168/104 ሆኖ ተገኘና አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ተጀመረልኝ። ዘንድሮ ወደ 10 ከፍ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል። ባለፈው ወር ስለካ 144/92 ነበር፤ ኢናላፕሪል የሚባል ሁለተኛ ኪኒን እንጨምርልህ አሉኝ። አንድ ጎረቤቴ ግን ‹የግፊት ኪኒን ደም ሥርን ያሰንፋል፤ አንዴ ከለመደው ያለ ኪኒን መሥራት ያቅተዋል፤ አንዱ አልበቃ ብሎ ሁለተኛ የሚጨመረውም ለዚህ ነው› አለኝ። አመንኩትና ተውኩት። በ4ኛው ቀን 138/88 ሆነ፤ ተመስገን አልኩ። በ16ኛው ቀን ግን 162/100። ደንግጬ እንደገና ጀምሬያለሁ። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ የምትወስደው ሎሳርታን ነው፤ ‹ደም ሥርን የሚያድሰው እሱ ነው› ትለኛለች። ኪኒኑ ደም ሥሬን አበላሽቶት ይሆን? የእህቴ ይሻላል? ሌላም ለመጻፍ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ፤ ትዳር ላይ እንደ ድሮው አይደለሁም። እሱም ከኪኒኑ ይሆን?»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሳያውቁት በራስዎ ላይ ያደረጉት የ16 ቀን ሙከራ የጥያቄዎን ግማሽ ስለሚመልስ ከእሱ ልነሳ።

አምሎዲፒን ከሰውነት ቶሎ የማይወጣ መድኃኒት ነው። ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ በ4ኛው ቀን ያዩት 138/88 ያለ ኪኒን የተገኘ ቁጥር አይደለም፤ የተረፈው መድኃኒት ገና ሥራ ላይ ነበር። ተሟጦ የሚወጣው ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ነው፤ በ16ኛው ቀን የመጣው 162/100 ነው እንግዲህ የእርስዎ የራስዎ ግፊት። አሁን ይህን ቁጥር ከ3 ዓመት በፊት ከነበረው 168/104 አጠገብ ያስቀምጡት። ኪኒኑ 3 ዓመት ሙሉ ደም ሥርዎን ሲያሰንፍ ከርሞ ቢሆን ኖሮ፣ ሲያቆሙት ግፊቱ ከመነሻው አልፎ በሄደ ነበር። የተመለሰው ግን እዚያው መነሻው አካባቢ ነው። በሽታው አልሄደም ነበር፤ መድኃኒቱ ይዞት ነበር እንጂ።

ጎረቤትዎም ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። ሲቋረጡ በእርግጥ የሚበቀሉ የግፊት መድኃኒቶች አሉ። ክሎኒዲንን፣ ወይም እንደ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ያሉትን በድንገት የተወ ሰው ግፊቱም የልብ ምቱም ከቀድሞው በላይ ሊያሻቅብበት ይችላል፤ የልብ ሕመም ካለበት ደግሞ ነገሩ የከፋ ነው። እነዚህን መተው ካስፈለገ ቀስ በቀስ እየቀነስን ነው የምንተወው። አምሎዲፒን ግን ከዚህ ወገን አይደለም። አንዱ ኪኒን ሳይበቃ ሁለተኛ የሚጨመረውም ደም ሥሩ ስለለመደው አይደለም፤ ከግፊት ታማሚዎች አብዛኞቹ ከመነሻውም ሁለትና ከዚያ በላይ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ደም ሥሩ በአንድ በኩል ሲከፈት ኩላሊት በሌላ በኩል ጨውና ውኃ እየያዘ ያካክሳል። በሁለት አቅጣጫ መያዝ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ደም ሥሩ ልግባ፤ የጥያቄዎ እምብርት እሱ ነውና። በእጃችን ጀርባ ላይ ተጋድመው የምናያቸው ደም መልሶች ናቸው፤ የግፊት በሽታ መድረኩ ደም ቅዳዎቹ ናቸው። ከእነሱም ቁጥሩን የሚወስኑት ትልልቆቹ አይደሉም፤ ዓይን የማያያቸው፣ ከ1 ሚሊሜትር ሲሶ የሚቀጥኑት ጥቃቅኖቹ ናቸው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖይዘይ (የደም ግፊትን በሜርኩሪ ዓምድ መለካትን እ.ኤ.አ. በ1828 ያስተዋወቀው እሱ ነው፤ ዛሬም «ሚሊሜትር ሜርኩሪ» እያልን የምንጽፈው ከዚያ የተረፈ ነው) ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ሲያልፍ ምን ያህል ተቃውሞ እንደሚገጥመው አጥንቶ ነበር። ምን እንደሚያስተምሩ አልነገሩኝም እንጂ ሒሳብ ወይም ፊዚክስ ከሆነ ይህ ይጥምዎታል፦ ተቃውሞው የሚለወጠው በራዲየሱ 4ኛ ኃይል ነው። የቱቦው ራዲየስ በ10 በመቶ ብቻ ሲጠብ ተቃውሞው በ50 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በግማሽ ከጠበበ ደግሞ 16 እጥፍ ይሆናል። ልብ ያንኑ ደም ለማሳለፍ ይበልጥ መግፋት አለበት። 168 የሚባለው ቁጥር የሚወለደው እዚህ፣ በፀጉር መጠን ጥበት ውስጥ ነው።

የእነዚህን ቱቦዎች ስፋት የሚያዘው ማን ነው? ግድግዳው ላይ የተጠመጠመ ጡንቻ አለ፤ ሲኮማተር ይጠባል፣ ሲላላ ይሰፋል። ለጡንቻው «ላላ» የሚለው ደግሞ ከውስጥ በኩል ያለው ሽፋን ነው፦ አንድ ረድፍ ሴል ብቻ፣ ከሽንኩርት ልባስ እጅግ የቀጠነ፣ ስሙም ኢንዶቴልየም። ለረጅም ጊዜ ብዙዎች እንደ ግድግዳ ልስን ይቆጥሩት ነበር። ብሩክሊን ውስጥ ይሠራ የነበረው ሮበርት ፈርችጎት የጥንቸል ደም ቅዳ እየቆረጠ አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ሲጨምርበት ቁራጩ ይኮማተር ነበር። በአንድ ወቅት ግን፣ የዝግጅቱ ቅደም ተከተል በስሕተት ተዛንፎ፣ ቁራጩ በመኮማተር ፋንታ ላላ። ሌላ ሰው ቢሆን «ተበላሸ» ብሎ ይጥለው ነበር። ፈርችጎት ግን ምክንያቱን ፈለገና ደረሰበት፦ በቀደሙት ሙከራዎች ሲቆረጥና ሲዘጋጅ የውስጡ ሽፋን ሳይታወቅ እየተፋቀ ይወጣ ነበር፤ ሽፋኑ ካለ ይላላል፣ ከሌለ ይኮማተራል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1980 ታተመ። ሽፋኑ የሚልከው የ«ላላ» ትእዛዝ በኋላ ሲጣራ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚቆይ ጋዝ ሆኖ ተገኘ። ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ይህን ጋዝ ያስታውሱት፤ ወደሚያሳፍርዎት ጥያቄ ስደርስ እመለስበታለሁ።

ደም ግፊት ያለበት ሰው ላይ ይህ ሽፋን ድምፁ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1990 ፓንዛና ባልደረቦቹ የግፊት ታማሚዎችንና የጤነኞችን ክንድ አነጻጽረው ነበር። በክንድ ደም ቅዳ በኩል አሴቲልኮሊን ሲሰጥ የጤነኞቹ ደም ሥር በሰፊው ተከፈተ፤ የታማሚዎቹ ግን በስንፍና። ሽፋኑን ዘልሎ በቀጥታ ጡንቻውን የሚያላላ መድኃኒት ሲሰጥ ግን ሁለቱም እኩል ተከፈቱ። ጡንቻው መላላት አላቃተውም፤ ትእዛዙ ነው ያልደረሰው። እንግዲህ «የሰነፈ ደም ሥር» የሚባል ነገር በእውነት አለ፤ ጎረቤትዎ የሳቱት ማን እንዳሰነፈው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ በግድግዳው ላይ የሚደርሰው ነው። ዶማ የያዘ እጅ መጅ እንደሚያወጣ፣ ዓመት ከዓመት በከፍተኛ ግፊት የሚደበደብ ደም ቅዳም ራሱን ለመከላከል ግድግዳውን ያሰናዳል። ብዙ ጊዜ አዲስ ሥጋ እንኳ አይጨምርም፤ ያለውን ሴል እንደ ጡብ ወደ ውስጥ አጠጋግቶ ይደረድረዋል። ግድግዳው ይወፍራል፣ መተላለፊያው ይጠባል። ከዚያ በኋላ ጡንቻው ሙሉ በሙሉ ቢላላ እንኳ ቱቦው እንደ ቀድሞው አይሰፋም። የጠበበው ቱቦ ግፊቱን ያሳድጋል፣ ያደገው ግፊት ደግሞ ይበልጥ ያጠበዋል። ኩላሊት፣ ዓይንና አንጎል በእነዚህ ቱቦዎች የሚኖሩ ስለሆኑ ታማሚው ምንም ሳይሰማው ጉዳቱ እዚያ ይጠራቀማል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለእርሻ ብቻ አይደለም።

ኪኒኖቹ የሚገቡት እዚህ መሐል ነው። የእርስዎ አምሎዲፒን የጡንቻውን በር ነው የሚይዘው። ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም ወደ ሴሉ ሲገባ ነው፤ አምሎዲፒን የካልሲየሙን መግቢያ ያጠብበታል፣ ጡንቻውም ይላላል። ጡንቻውን አያደክመውም፣ አይገድለውም፤ መድኃኒቱ ሲወጣ በሩ እንደነበረ ይከፈታል። ኢናላፕሪል በሌላ በኩል ነው የሚመጣው። ሰውነታችን አንጂዮቴንሲን 2 የተባለ ኃይለኛ የደም ሥር ማኮማተሪያ ይሠራል፤ ይህ ማኮማተሪያ ከማጥበቡም ሌላ ግድግዳው እንዲወፍር ይገፋፋል፣ ናይትሪክ ኦክሳይዱንም የሚያጠፉ ንጥረ ነገሮች እንዲበዙ ያደርጋል። ኢናላፕሪል ይህን የሚያመርተውን ኤንዛይም ይከለክላል። ያው ኤንዛይም ብራዲካይኒን የሚባል፣ ሽፋኑን «ናይትሪክ ኦክሳይድ አውጣ» የሚል ንጥረ ነገር አፍራሽም ስለሆነ፣ ሲከለከል ብራዲካይኒኑ ይበረክታል። ለደም ሥሩ መልካም ነው፤ ለአንዳንድ ሰው ጉሮሮ ግን አይደለም፤ ኢናላፕሪል የሚያመጣው ደረቅ ሳል በአብዛኛው ከዚሁ የተነሳ ነው። የዚህ መድኃኒት ዘር የተገኘው፣ ቢያምኑም ባያምኑም፣ ከእባብ መርዝ ነው። ብራዚላዊው ፌሬይራ ጃራራካ የተባለው የአገራቸው እባብ መርዝ የብራዲካይኒንን ኃይል እንደሚያበረታ አገኘ፤ ከዚያ መንገድ የመጣው ካፕቶፕሪል እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፣ ኢናላፕሪል ታናሽ ወንድሙ ነው። የእህትዎ ሎሳርታን ደግሞ አንጂዮቴንሲኑን ከመሠራት አይከለክለውም፤ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ብራዲካይኒኑን ስለማይነካው ሳል የለበትም ማለት ይቻላል።

እህትዎ «ደም ሥርን ያድሳል» ያሉት ከምንም አልመጣም። ሞንትሪያል ውስጥ ሺፍሪንና ባልደረቦቹ ከታማሚዎች መቀመጫ ላይ ትንሽ ሥጋ እየወሰዱ፣ ከውስጡ ጥቃቅን ደም ቅዳዎችን አውጥተው በማጉያ መሣሪያ ይለኩ ነበር። ግማሾቹ አቴኖሎል፣ ግማሾቹ የኢናላፕሪል ወገን የሆነ መድኃኒት ተሰጣቸው። ከ1 ዓመት በኋላ የሁለቱም ግፊት በእኩል ወርዷል። ደም ሥራቸው ሲታይ ግን የአቴኖሎሎቹ ግድግዳ እንደወፈረ ሲቀር፣ የሌሎቹ ወደ ጤናማው እየተመለሰ ነበር። በኋላ በሎሳርታንም እንዲሁ ተገኘ፤ ረጅም ጊዜ በሚሠራ ኒፌዲፒንም፣ እሱ ደግሞ የእርስዎ የአምሎዲፒን ዘመድ ነው። የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ ግን ነገሩ ደጋግሞ ታይቷል። እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ቁጥሩ በሳምንታት ይወርዳል፣ ግድግዳው ግን ዓመት ይፈልጋል። ቁጥሩ «ደህና» ባለ በ3ኛው ወር ኪኒኑን የሚተው ሰው፣ ምርጊቱ ሳይደርቅ ማገሩን እንደሚነቅል ሰው ነው። በሥራዬ የማያቸው አብዛኞቹ ጉዳቶች መድኃኒት ካልጀመሩ ሰዎች ይልቅ ጀምረው ከተዉት የሚመጡ ናቸው።

ታዲያ የእህትዎን ይቀይሩ? አልመክርም፤ ምክንያቱን ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ፣ ላይፍ የተባለ ጥናት 9,193 ሰዎች ላይ ሎሳርታንን ከአቴኖሎል አወዳድሮ ነበር። ግፊታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ በሎሳርታን ወገን ስትሮክ በ25 በመቶ ያነሰ ነበር። ለደም ሥር አድሱ ወገን ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ከመካከላቸው በነበሩት 533 ጥቁር ተሳታፊዎች ላይ ያ ብልጫ አልታየም። በዚያው ዓመት ከ33,000 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገው ኦልሃት የተባለ ጥናት ደግሞ አምሎዲፒንን፣ የኢናላፕሪል ወገን የሆነውን ሊዚኖፕሪልንና ክሎርታሊዶን የተባለ ርካሽ የሽንት መድኃኒት አወዳደረ። የልብ ድካም በሽታን ትተን፣ ልብን በድንገት የሚመታውን ጥቃት በመከላከል ሦስቱ እኩል ወጡ። የውስጥ ሽፋኑን በማደስ ማንም የማያወድሰው ያ ርካሽ ኪኒን ከሌሎቹ አላነሰም። የልብ ድካምን በመከላከል እንዲያውም እሱ በለጠ። ለዚህ ነው ታማሚ «ዶክተር፣ ደም ሥር የሚያድሰውን ስጡኝ» ሲለኝ ፈገግ የምለው፤ ከሁሉ በፊት ደም ሥርን የሚያድሰው ግፊቱ መውረዱ ነው፣ በየትኛውም ኪኒን ይሁን።

ለእኛ ይበልጥ የቀረበው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ክሪዮል የተባለ ጥናት ነው። ናይጄሪያንና ኬንያን ጨምሮ ከሰሃራ በታች ባሉ 6 አገሮች 728 ታማሚዎች ሦስት ዓይነት ጥንድ መድኃኒት ተሰጣቸው። አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለቱ ጥንዶች አምሎዲፒን ከሌለበት የተሻለ ግፊት አወረዱ፤ የአምሎዲፒኑ አጋር የሽንት መድኃኒት ይሁን የኢናላፕሪል ወገን ለውጥ አላመጣም። ኢትዮጵያ በጥናቱ ውስጥ አልነበረችም፤ ቢሆንም ጤና ጣቢያው ያሰበልዎት አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ከእነዚያ ሁለት ጥሩ ጥንዶች የአንዱ ወገን ነው። ኢናላፕሪልም ሆነ ሎሳርታን ብቻውን የሚያወርደው በጥቁር ሕዝቦች ላይ በአማካይ አነስ ይላል፤ ከአምሎዲፒን ጋር ሲጣመር ግን ይበረታል። እህትዎ ሎሳርታን የተሰጣቸው የራሳቸው ምክንያት ይኖራቸዋል፤ ስኳር፣ ሽንት ውስጥ የሚወጣ ፕሮቲን ወይም ኢናላፕሪል አስሏቸው ሊሆን ይችላል። ኪኒን እንደ ነጠላ አይዋዋሱትም። በተለይ እርጉዝ የሆነች ወይም ለመውለድ ያሰበች ሴት ኢናላፕሪልም ሎሳርታንም ፈጽሞ መውሰድ የለባትም፤ ፅንሱን ይጎዳሉ።

የቁርጭምጭሚቱን እብጠት እዚህ ላመጣው የፈለግሁት ሁለተኛው ኪኒን ከእሱ ጋር ስለሚያያዝ ነው። አምሎዲፒን ወደ ጥቃቅኖቹ ቱቦዎች የሚያስገቡትን ደም ቅዳዎች ይከፍታል፤ መውጫ የሆኑትን ደም መልሶች ግን ብዙም አይነካቸውም። በሰፊ በር ገብቶ በጠባብ በር እንደሚወጣ የሠርግ ሕዝብ መሐል ላይ ይጨናነቃል፣ ፈሳሹም ከቱቦው ወደ ሥጋው ይሰርጋል። ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚቆም መምህር ደግሞ ወደ እግሩ ይወርድበታል፤ ማታ ማታ የሚብሰውም ለዚህ ነው። በ5 ሚሊግራም ሳይኖር በ10 መጀመሩ የታወቀ ነው፤ እብጠቱ ከመጠኑ ጋር ያድጋል። ኩላሊት ውኃ ይዞ ስላልሆነ ፋርማሲ ሄዶ የሽንት ኪኒን መግዛት እብጠቱን አያነሳውም፤ ይልቅ ሰውነትን ያደርቃል። የሚያነሳው ምን መሰለዎት? ኢናላፕሪል። መውጫውንም ስለሚከፍት መጨናነቁ ይቀንሳል። «አንዱ ሳይበቃ ሁለተኛ ጨመሩብኝ» ያሉት ኪኒን ግፊቱንም እብጠቱንም በአንድ ጊዜ ሊያቀልልዎት የሚችል ነው፤ ከዚያ አልፎ አምሎዲፒኑን ወደ 5 ለመመለስ መንገድ ሊከፍት ይችላል። ይህን ከሚከታተሉዎት ጋር ተነጋገሩበት። እብጠቱ በአንድ እግር ብቻ ሆኖ ቢያም፣ ወይም ትንፋሽ ማጠር አብሮት ቢመጣ ግን ይህ ማብራሪያ አይሠራም፤ በዚያው ቀን ይታዩ።

ኢናላፕሪልን ሲጀምሩ ሁለት ነገር ይወቁ። ደረቅ ሳሉ ካስቸገረዎት ሳሉን በሽሮፕ አያባብሉት፤ ይንገሯቸውና ወደ ሎሳርታን ይቀየርልዎታል፣ ያኔ የእህትዎ ኪኒን ተራው ይደርሳል። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ድንገት ቢያብጥ ግን አይጠብቁ፤ ኪኒኑን አቁመው ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እምብዛም አይከሰትም፤ ግን በጥቁር ሕዝቦች ላይ ከሌላው ይበልጥ ይታያል፣ የመተንፈሻ ቱቦንም ሊዘጋ ይችላል።

አሁን ለመጻፍ ስላሳፈረዎት። ስለ ጻፉት ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ወንዶች ሳይናገሩ ኪኒኑን ጥለው የሚጠፉት በዚሁ ምክንያት ነውና። የወንድ ብልት ሲነሳ የሚሆነው ነገር ሌላ አይደለም፤ ያ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቀቃል፣ ደም ቅዳዎቹ ይላላሉ፣ ደም ይሞላል። እንግዲህ ሽፋኑ የደከመበት ሰው ላይ ይህ ነገር መድከሙ አይገርምም። የብልት ደም ቅዳዎች ከልብ ደም ቅዳዎች የቀጠኑ ስለሆኑ ችግሩ ከልብ ቀድሞ እዚያ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ አቤቱታ ስሰማ ስኳርን፣ ኮሌስትሮልን፣ ሲጋራን እጠይቃለሁ፤ አሳፋሪ ምልክት ሳይሆን ቀድሞ የሚጮህ ደወል ነው። ከመድኃኒቶቹ መካከል በዚህ የሚታሙት አቴኖሎልን የመሰሉትና የሽንት መድኃኒቶቹ ናቸው። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን በአብዛኛው ከዚህ ነፃ ናቸው። ድካም፣ ጭንቀትና ከሚስት ጋር ያለ ቅሬታም ድርሻ አለው፤ ያን እርስዎ ያውቁታል። በየሱቁ የሚሸጠውን የብልት ማነሻ ኪኒን ሲልዴናፊልን (ቪያግራ) ሳይመረመሩ አይዋጡ፤ የሚሠራው በዚሁ በናይትሪክ ኦክሳይድ መንገድ ነውና፣ ለደረት ሕመም የሚሰጡ ናይትሬቶችን ከሚወስድ ሰው ጋር ከተገናኘ ግፊቱን አዘቅት ይከተዋል።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። ለወገብ ወይም ለጉልበት ብለው ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይወስዱ እንደሆን ይንገሩኝ፤ ሁለቱም ግፊት ይጨምራሉ፣ ከኢናላፕሪልና ከሽንት መድኃኒት ጋር ሲገጥሙ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሻላል። ጫት ደም ሥርን ያጠባል፣ የልብ ምትን ያፋጥናል፤ ጫት እየቃሙ የኪኒን መጠን መጨመር ፍሬኑን ረግጦ ቤንዚን መስጠት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይላል፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ነው። ጨው የሚገባው ወጥ ላይ ስንነሰንስ ብቻ አይደለም፦ በርበሬው ሲደለዝ፣ ሽሮው ሲዘጋጅ ቀድሞ ገብቷል፣ በአንዳንድ ቤት ደግሞ ቡናም በጨው ይጠጣል። ሽፈራውም ነጭ ሽንኩርትም ምግብ ናቸው፤ ይብሉ፣ የኪኒኑን ቦታ ግን አይስጧቸው። አምሎዲፒን በየቀኑ በተመሳሳይ ጊዜ እስከተወሰደ ድረስ በማንኛውም ሰዓት ይወሰዳል፤ ጾም ከሆነ ከማታው ምግብ በኋላ ሊሆን ይችላል። ፀበል ሲሄዱም ኪኒኑን ይዘው ይሂዱ፤ የፀበሉ አስተናባሪዎች ካልፈቀዱ ከመነሳትዎ በፊት ከሐኪምዎ ጋር ይመካከሩ፣ በራስዎ ብቻ አይተዉት።

አለካክዎንም ያስተካክሉ፤ ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ብርድ ደግሞ ደም ሥርን ያጠባል። ከውጭ እንደገቡ አይለኩ። ሞቅ ያለ ቦታ 5 ደቂቃ ተቀምጠው፣ ጀርባዎን ደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ፣ ክንድዎ በልብ ከፍታ ላይ አርፎ፣ ቡና ከጠጡ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አልፎ ይለኩ። በደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይጻፉ። የ1 ሳምንት የተጻፈ ቁጥር ይዞ የመጣ ታማሚ ለእኔ ከማንኛውም ላቦራቶሪ የበለጠ ይረዳኛል። ግባችን ከ140/90 በታች ነው፤ ሳይከብድዎት ከተቻለ ከ130/80 በታች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እብጠቱንም፣ የ16 ቀኑን ማቋረጥም ሳይደብቁ ይንገሯቸው፤ ካልነገሯቸው 162ቱን አይተው «ኪኒኑ አልሠራም» ብለው ሊሳሳቱ ይችላሉ። ኢናላፕሪል ከተጀመረ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ የክሪያቲኒን (ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ ነው) እና የፖታሲየም የደም ምርመራ ይጠይቁ። ክሪያቲኒኑ ትንሽ፣ እስከ 30 በመቶ ድረስ ከፍ ቢል አይደንግጡ፣ ኪኒኑንም በራስዎ አይተዉ፤ ውጤቱን ይዘው ይመለሱና እነሱ ይዩት።